ግራጫዋ ዝንብ ያዥና ባለ ሌንሶቹ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ስክሪኑን ማጥፋት ነበረብኝ። አንዲት ጣት ማንቀሳቀስ አቅቶኝ!

ፍሬው ጠዋት ፎቶ ቤቴ መጣ። ያንን ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያውን ለብሷል። ከነዚያ ሁሉ ኪሶች አንድ ነገር ሲያወጣ አንድም ቀን አላየሁም። ከቦሌ አቃቂ ድረስ የሚመጣው ትልልቅ ፎቶ አጥርቶ የሚያትም ማሽን ስላለኝ ነው እንጂ እኔን ናፍቆ አይደለም። የወፍ ፎቶ አንሺዎች ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ማኅበር ይበሉት እንጂ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ስለ ወፍ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል።

እኔ ደግሞ ትናንት ያነሳሁትን ከፍቼ ትቼዋለሁ። ግራጫዋ ዝንብ ያዥ እንቁላሏን ታቅፋ።

"ይሄ የት ነው?" አለኝ። ድምፁን ዝቅ ማድረጉን ረሳ።

"ጫካ።"

"የት ጫካ?"

"ዛፍ ያለበት ጫካ።"

ሳቀልኝ። ዓይኑ ግን ከስክሪኑ አልተነቀለም። ከወፏ ኋላ፣ በቅጠሎቹ መሀል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰማያዊ ጣሪያ ጥግ ይታያል። እኔ ከጀርባ ምን እንዳለ ሳላይ ፎቶ ያነሳሁ! ሙሽሮችን "ከኋላ ያለው ቆሻሻ ይታያል፣ ፈቀቅ በሉ" እያልኩ ስጮኽ የምውል ሰው!

በወንዙ ዳር ሰማያዊ ጣሪያ ያለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ነው። ፍሬው ሞኝ ነው፣ ዕውር ግን አይደለም።

ሚያዝያን ሙሉ ሙሽራ ስከተል ከረምኩ። "ዓይን ለዓይን ተያዩ" ስለው ስልኩን የሚያይ ሙሽራ። ኬክ ቆርሳ ለባሏ ከማጉረሷ በፊት "አንስተሻል?" የምትል ሙሽሪት። ግንቦት ገባ፣ በግንቦት የሚያገባ የለም፣ ተመስገን። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ለጎረቤቴ ለከድር አደራ ብዬ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ እገባለሁ። ከድር ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል፤ ደንበኛ ሲመጣ "ሰናይት ወፏ ጋ ናት" ብሎ ይመልስልኛል። ሰዉ ስድብ ይመስለዋል።

ወፏ ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም። ግራጫ ናት፤ ዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት አለ። በቃ፣ ሌላ ጌጥ የላትም። ከመረጠችው ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ተወርውራ ዝንብ ትቀልባለች፣ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ትመለሳለች። ካሜራ ሲያይ ከንፈሩን የሚያሾል ፍጡር ስቀርጽ ለኖርኩት ለእኔ ይሄ ዕረፍት ነው።

እነፍሬው ዞር ብለው አይተዋት አያውቁም ነበር። ረጅም ጅራት ያላትን ቀይ ዘመዷን ነበር የሚያሳድዱት። ዘንድሮ የኤግዚቢሽናቸው ርዕስ "ብርቅዬ አእዋፍ" ሆነ። ግራጫዋ ደግሞ ከእኛና ከኤርትራ በቀር የትም የለችም። በአንድ ቀን ሁሉም አፈቀራት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

መጡ። አንድ ቀን እንኳ አልታገሡም።

ደኑ ውስጥ ገና እንደተቀመጥኩ ሦስት ሆነው በቤተ ክርስቲያኑ በር ገቡ። ልብሳቸው ቅጠልያ፣ ኮፍያቸው ቅጠልያ፣ የመኪናቸው ቁልፍ ብቻ እንደ ቃጭል ይንሿሿል። ፍሬው "አወቅኩሽ!" አለኝ፣ ድብብቆሽ የምንጫወት ይመስል።

ጎጆዋ አሮጌው ወይራ ላይ፣ ቅርንጫፉ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ናት። ወፏ ከቅርንጫፍ በሚንጠለጠለው ግራጫ የዛፍ ሽበት ሸፍናታለች፤ የዛፉ እብጠት ነው የምትመስለው። እኔ ለማግኘት ስንት ጠዋት አንገቴ ተጣሟል። እነሱ ፎቶዬን አይተው በቀጥታ ሄደው ከሥሯ ቆሙ።

ከዚያ ፍሬው ስፒከር አወጣ። ከቦርሳው ነው ያወጣው፣ ከኪሱ አይደለም። በስልኩ የወፍ ድምፅ ከፈተ። የዚያችው የግራጫዋ ዓይነት ድምፅ ነው። ወንዱ ሌላ ወንድ ሚስቱ ላይ የመጣ መስሎት አበደ። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይወረወራል፣ ስፒከሩን ሊነክስ ይወርዳል፣ እነሱ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። ሴቷም ግራ ገብቷት ከጎጆዋ ወጣች።

"አጥፋው" አልኩት።

"አንዴ ብቻ።"

"ፍሬው፣ እንቁላሉ ሜዳ ላይ ነው። አጥፋው።"

"ሰናይትዬ፣ እኛ እኮ የምንሠራው ለአእዋፍ ጥበቃ ነው። ሰው ካላያት ማን ይጠብቃታል?"

አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ።

አንደኛው ጓደኛው ወደ ፍሬው ጠጋ ብሎ "የሰርግ ፎቶ የምታነሳዋ ናት አይደል?" አለ። እዚያው ቆሜ።

ሄጄ ስፒከሩ ላይ ተቀመጥኩበት። ማጥፊያው የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ከሥሬ መጮኹን ቀጠለ። እነሱም ጮኹ፣ እኔም ጮኽኩ። በዚህ መሀል ዘበኛው ጋሽ ደቻሳ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

"ምንድነው ይሄ? ገበያ አደረጋችሁት?"

"ጋሽ ደቻሳ፣ ወፏን እያስበረገጓት ነው።"

"የቷን ወፍ?"

አሳየኋቸው። ዓይናቸውን አጨንቁረው አዩና "ለዚች?" አሉ። "ለዚች ነው የምትጣሉት?"

ጋሽ ደቻሳ ካሜራ አይወዱም። አንድ ጊዜ ሰዎች መጥተው የደኑን ጥግ ፎቶ አነሱ፣ ቀጥለው በሜትር ለኩ፣ ቀጥሎ አጥሩ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሌንስ ያነገተ ሁሉ መሬት ሊወስድ የመጣ ነው ለሳቸው። እኔን የታገሡኝ ብቻዬን ስለሆንኩና ዝም ስለምል ነበር። ዛሬ ዝም አላልኩም።

"ሁላችሁም ውጡ። አንቺም። ደግሞ በቤተ እግዚአብሔር ግቢ ሱሪ ለብሰሽ!"

ወጣን። ፍሬው ግን በሩ ላይ ወደኋላ ቀረት ብሎ ሽማግሌውን ትከሻቸውን ይዞ ያወራቸው ጀመር። የሚያሽቃብጥ ሰው ጀርባው ከሩቅ ያስታውቃል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሱቅ ዋልኩ። የሚያሳስቡኝ፦ ቁራ። ፀሐይ። ፍሬው። በዚህ ቅደም ተከተል አይደለም።

ጠዋት ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ የመጣ ወጣት አሥር ጊዜ አስነሳኝ። "ጆሮዬ እኩል አይደለም" ይላል። እኩል አይደለማ። እኔ ነኝ የሠራሁልህ?

ከሰዓት አንዲት እናት መጡ። ወደ ማረሚያ ቤቱ ሊሄዱ ነው፤ ልጃቸው እዚያ ነው። የልጅ ልጃቸውን ስልካቸው ላይ አሳዩኝ፣ ጥርስ ያወጣች ሕፃን። አባቷ ጥርሷን አላየውም። "ጥርሷ በደንብ ይታይ እንጂ ሌላው ግድ የለም" አሉኝ። ጥርሷ እንዲታይ አድርጌ አተምኩላቸው። ደጋግመው መረቁኝ። በዚህ ሳምንት ያነሳሁትም ያተምኩትም የረባ ነገር ይኸው ነው፤ እሱንም ያነሳው ሌላ ሰው ነው።

ከድር "ዛሬ ወፏ ጋ አልሄድሽም?" አለኝ።

"ተባረርኩ።"

"በወፏ?"

"በዘበኛው።"

"ሱሪሽ ነው" አለ። እንዴት እንዳወቀ እንጃ። አቃቂ ውስጥ ምስጢር የሚያድረው ጎጆ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ አወጣሁት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው። በንዴት ነው።

ቀሚስ ለበስኩ፣ ነጠላ አጣፋሁ፣ ካሜራውን ቤት ትቼ እንደ ማንም ምእመን ለመሳለም ሄድኩ። ሥላሴ ነው፣ ማን ይከለክለኛል? ጋሽ ደቻሳ በሩ ላይ ቆመዋል። ሁልጊዜ የሚለብሱት ካፖርታቸው የለም። በምትኩ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ለብሰዋል።

የፍሬውን ሰደርያ!

አንደኛው ኪስ ውስጥ ቆሎ ነበር። ቢያንስ አሁን ኪሶቹ ሥራ አገኙ። ተሳልሜ በጓሮ ዞርኩ፣ ወደ ወይራው።

ቆርጠውታል። በጎጆዋ ፊት ጥላ ሆነው የነበሩት ቅርንጫፎች በሙሉ በአትክልት መቀስ ተቆርጠው መሬት ላይ ተጥለዋል፤ ቁስላቸው ገና እርጥብ ነው። ለምን እንደሆነ ገባኝ። ቅጠል ከፊት ሲኖር ፎቶው "ንጹሕ" አይሆንም፤ የነሱ ቃል ነው። ጎጆዋ ራቁቷን ፀሐይ ላይ ተሰጥታለች። ወፏ የለችም። ጉልላቱ ላይ ቁራ ቁጭ ብሎ ወደዚህ ያያል፣ እንግዳ እንደተጠራ ሰው።

ወደ በሩ ተመለስኩ።

"ጋሽ ደቻሳ፣ ትናንት ማንን አስገቡ?"

"ሰብሳቢውን። የተማረ ሰው ነው። ጥናት ነው አለኝ።"

"ጥናቱን ይምጡና ይዩት።"

አልመጣም ሊሉ ነበር፣ ግን ነጠላ ለብሼ እንዴት እምቢ ይሉኛል? ተከተሉኝ። የተቆረጠውን ሲያዩ ቆሙ። ወፏን አላዩም፣ ጎጆዋንም አላዩም። ዛፉን ነው ያዩት። እዚህ ግቢ እንኳን ቅርንጫፍ መቁረጥ የወደቀ ጭራሮ ይዞ መውጣትም ነውር ነው። ጎንበስ ብለው አንዱን ቅርንጫፍ አነሱና እንደ ተሰበረ ክንድ ያዙት።

"እኔ ሻይ ልጠጣ ነው የሄድኩት" አሉ። "ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ። በሥላሴ ስም፣ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ።"

ልሰድባቸው አፌን ከፍቼ ነበር። በሰደርያ የተገዙ ሽማግሌ! ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ስድቡን ዋጥኩት፤ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ነው።

"መሰላል አለ?" አልኳቸው።

"ለምን?"

"መልሰን እናስረዋለን።"

"የተቆረጠ ነገር ታስሮ ይበቅላል?"

"አይበቅልም። ጥላ ይሆናል።"

መሰላልም ሲባጎም አመጡ። እሳቸው ሊወጡ ሲሉ ወገባቸውን ያዙ፤ ስለዚህ እኔ ወጣሁ። በቀሚስ። ጋሽ ደቻሳ ከታች መሰላሉን ይዘው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ፣ እስክወርድ ድረስ አንገታቸው አልተንቀሳቀሰም። ጉልበቴ እየጮኸ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አሰርኩ። ጎጆዋ በአፍንጫዬ ትክክል ነበረች። ሁለት እንቁላል፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጡ። ይሙቁ ይብረዱ አልነካሁም። ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደመታቸውም አላውቅም።

ስወርድ "አስቀያሚ ሆነ" አሉ ጋሽ ደቻሳ ወደ ላይ እያዩ። እውነት ነው፣ የማገዶ ሸክም ይመስላል። ደስ አለኝ። ለፎቶ አይሆንም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ሄድኩ። ቆየሁ። አልተቀመጠችም።

የሠራሁላትን ነገር ፈርታው ይሆናል። ትመጣለች፣ ከጎጆዋ ፈንጠር ብላ ታርፋለች፣ ታያለች፣ ትሄዳለች። ወንዱም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ጎጆዋ ጠርዝ ላይ ቆመች። ትንፋሼን ያዝኩ። ሲባጎው ጫፉ በነፋስ ሲወዛወዝ አይታ በረረች። የራሴ ሲባጎ! ጫፉን መቁረጥ አላሰብኩም። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ። መሰላሉን ለምኜ እንደገና ወጣሁና ቆረጥኩት።

ከሰዓት ስልኬን ስከፍት ፍሬው ፎቶውን ለጥፎታል። ጎጆዋ፣ ወፏ፣ ዓይኗ ዙሪያ ያለው ነጭ ቀለበት፣ ሁሉም ጥርት ብሎ። ፊት ለፊት አንድ ቅጠል የለም። ከሥሩ "በጽሞናና በትዕግሥት የተገኘ" ብሎ ጽፏል። በትዕግሥት! አስተያየቱ ደግሞ፦ "ነፍስ ያለው ሥራ"። "ተፈጥሮ አፍ አውጥታ ተናገረች"። ተፈጥሮ አፍ ብታወጣ ምን እንደምትላችሁ ባወቃችሁ።

ወፏ እንዴት እንደቆመች ግን አየሁ። ላባዋ ተጣብቋል፣ ምንቃሯ ተከፍቷል። በፀሐይ እያለከለከች ነው። እንቁላሎቹን በጥላዋ ልትከልል ክንፏን ገለጥ አድርጋለች። እነሱ "ውብ አቋቋም" አሉት።

ልጽፍባቸው ነበር። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ቦታውን የሚጠይቁ መዓት ናቸው። ብናገር ነገ አውቶቡስ ተከራይተው ይመጣሉ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ፍሬው አዲስ ሰደርያ ለብሶ መጣ። ያንኑ ፎቶ በትልቁ እንዳትምለት።

"አላትምም" አልኩት።

የሰማ አይመስልም። "ሸካራው ወረቀት ላይ ይሁን፣ ያ ያለፈው ጊዜ..."

"ፍሬው፣ አላትምም። ወፏ ጎጆዋን ትታለች።"

ለአንዲት አፍታ ደነገጠ መሰለኝ፣ ልራራለትም ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ "ወፍ እኮ ናት ሰናይት" አለ። "ሌላ ትጥላለች።"

"ሂድ ውጣ።"

"ሥራሽ ማተም ነው። የቁልቢን ስለት የበላሁብሽ አስመሰልሽው እኮ!"

"የቆረጥከውን ቅርንጫፍ ፎቶው ላይ መልሰህ አምጣው፣ አትምልሃለሁ።"

በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። "አንቺስ በምን ትለያለሽ?" አለኝ። "ሌንስ ይዘሽ አይደል ከሥሯ የቆምሽው? እኔ የት እንዳለች በማን አወቅኩ?"

ሄደ።

ከድር ግድግዳው ላይ ጆሮውን ሰቅሎ ነበር መሰለኝ ወዲያው ብቅ አለ። "ደንበኛ አባረርሽ።"

"አዎ።"

"ደግ አደረግሽ። ሲገባ ሰላም አይልም።"

ሳቅኩ፣ ግን አልወጣልኝም። ፍሬውን እንደ ዝንብ መናቅ ቀላል ነው፣ ዓመታት ስንቀው ኖሬያለሁ፣ ተክኜበታለሁ። ችግሩ ያ የመጨረሻው አነጋገሩ ትክክል መሆኑ ነው። ደደብ ሰው ትክክል ሲናገር የሚያናድደውን ያህል ምንም አያናድድም።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እስኪበተን ጠበቅኩ። ልጆች በወይራው ሥር ሲሯሯጡ ልቤ ስንት ጊዜ ቆመ።

ጋሽ ደቻሳ ጠሩኝ። ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ሰደርያው የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም።

"ትናንት ከሰዓት መጥተው ነበር፣ እነዚያ።"

"እና?"

"አስተዳዳሪው ቅጠል የቆረጠ ሰው ስሙን ይዘህ አምጣ ብለዋል አልኳቸው። ስማቸውን ሳይነግሩኝ ሄዱ።"

"አስተዳዳሪው እውነት ብለዋል?"

"ብነግራቸው ይሉ ነበር።"

እኚህን ሰውዬ መናቄን መቀነስ ሊኖርብኝ ነው። ትንሽ።

"ወፏስ?" አልኳቸው።

"እኔ ወፍ አላይም" አሉ። ቀጥለው ግን፣ ወደ ሌላ እያዩ፣ "ጠዋት ከዚያ ከማገዶሽ ውስጥ አንዲት ነገር ገባች። አልወጣችም። ቅጠል ትሁን ወፍ አላውቅም።"

ሮጥኩ። በነጠላ፣ በዚህ ጉልበት። ከሩቅ፣ ከጽዱ ጀርባ ቆሜ አየሁ። ከጎጆዋ ጠርዝ ጅራቷ ወጥቷል። ተቀምጣለች!

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። እንዳለቀሰች አሮጊት አፍንጫዬን በነጠላዬ ጠረግኩ፤ ደግነቱ ማንም አላየኝም። ከዚያ ቀዝቃዛው ሐሳብ መጣ። የሞተ እንቁላልም ይታቀፋል። ወፍ አታውቅም። ሳምንታት ሙሉ ድንጋይ ማሞቅ ትችላለች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሁለት ቀን አልጻፍኩም። የሚጻፍ አልነበረም። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ትናንት ዶፍ ወረደ፤ ያሰርኩት ቅጠል ደርቆ ተጠቅልሏል፣ ውኃ አያስጥልም። እሷ አልተነሳችም።

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ አሉ። የፍሬው ፎቶ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፣ ሌላ ቤት አሳትሞት። ወፏን አረንጓዴ አድርገዋታል፣ ማሽናቸው እንደሆነ ከስልክ ላይም ያስታውቃል። ሰዉ ከጎኗ እየቆመ ራሱን ያነሳል። ይመቻቸው።

ዛሬ ካሜራ ይዤ ነበር፤ ልማድ ነው። ከቦርሳው አላወጣሁትም። ከጽዱ ጀርባ፣ ራቅ ብዬ፣ ቁጭ አልኩ። ረፋዱ ላይ ወንዱ ዝንብ በአፉ ይዞ መጣ። ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ለታቀፈች ሚስቱም ያመጣል። ራሴን "እንዳትታለይ" አልኩት። ሰጥቶ ሄደ። እሷ ግን አልዋጠችውም። ተነሳች፣ ጠርዙ ላይ ቆመች፣ አንገቷን ወደ ጎጆዋ ውስጥ አጠለቀች። ቆየች። አንገቷን ስታወጣ ዝንቡ የለም።

ራሷ በልታው ይሆናል። ከዚህ አይታይም።

አሁንም አጎነበሰች። በዚህኛው ጊዜ በምንቃሯ ነጭ ነገር ይዛ ተነሳች። ትንሽ፣ ድብልብል፣ የባቄላ ፍሬ እንኳ የማያህል። ይዛው በረረች፤ በጋሽ ደቻሳ የጥበቃ ጎጆ ላይ አለፈች፣ ወንዙ አጠገብ ጣለችው፣ ምንቃሯን በእንጨት ጠረገች፣ ተመለሰች።

ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የጫጩት ኩስ ነው። እናት ጎጆዋ እንዳይቆሽሽ፣ ሽታውም ጠላት እንዳይጠራ፣ ተሸክማ ራቅ አድርጋ ትጥለዋለች። ድንጋይ ኩስ የለውም። የሞተ እንቁላል ኩስ የለውም።

በሕይወቴ በማንም ኩስ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

ሁለቱም ተፈልፍለው ይሁን አንዱ ብቻ፣ አላውቅም። መሰላል አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም። ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል፤ ለመብረር ደግሞ ገና ብዙ ይቀራቸዋል።